የንግግር ሕክምና ከአዲስ አበባ እስከ ሾኔ፦ አገልግሎቱን የማዳረስ ጉዳይ

የንግግርና የቋንቋ ሕክምና መናገር ወይም የሚነገረውን መረዳት የተቸገረን፣ ድምፁ የተዘጋን፣ የሚንተባተብን፣ ምግብና ውኃ በዋጠ ቁጥር ትን የሚለውን ሰው የሚረዳ የጤና ሙያ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ስፒች ቴራፒ» በሚለው ስሙ ነው። ታካሚዎቹ ከጨቅላ እስከ አዛውንት ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ሕፃን፣ ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ፣ ኦቲዝም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች፣ ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ፣ ስትሮክ መትቷቸው ቃል የጠፋባቸው ጎልማሶች። ሥራው በአብዛኛው መርፌና ክኒን የለበትም። ባለሙያው በሥዕል፣ በጨዋታ፣ በመስታወትና በተደጋጋሚ ልምምድ ታካሚውን ያሠለጥናል፤ ቤተሰቡም በቤት የሚቀጥለውን ያስተምራል። ከውድ ማሽን ይልቅ የሠለጠነ ሰውና በቀጠሮው የሚመለስ ታካሚ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ፣ በተለይም እንደ ሾኔ ባሉ ከተሞች፣ የጎደሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ችግሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በሕይወታቸው የተሐድሶ አገልግሎት ሊጠቅማቸው የሚችል የጤና ችግር አለባቸው፤ ከዓለም ሕዝብ ሲሶው ማለት ነው። የንግግር ሕክምና የዚሁ አገልግሎት አንድ ክፍል ነው። ከ700 ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል፤ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱበት አገር ይህ ከ4,000 በላይ ልጆች ማለት ነው። ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል፣ አንድ ያህሉ ግን እስከ ጉልምስና ይዘውት ይዘልቃሉ። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ የመናገር ወይም የመረዳት ችሎታቸው ይጎዳል። ሌላ ሕመም ሳይኖርባቸው ቋንቋ ብቻ የሚከብዳቸው ልጆች ደግሞ አሉ፤ በእንግሊዝ አገር በተደረገ ሰፊ ጥናት መጠናቸው ከመቶ 7 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ይኸው መጠን 60 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ቢታሰብ አራት ልጅ ይሆናል። እነዚህ ልጆች መልካቸውም አካሄዳቸውም እንደ እኩዮቻቸው ስለሆነ መምህሩ «ሰነፍ» ይላቸዋል፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ክፍል ይደግሙና ትምህርቱን ይተዉታል። ከሁሉም ይልቅ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው።

ሾኔ በጤናው መሰላል ላይ

ሾኔ በሐዲያ ዞን፣ በባደዋቾ ምድር፣ ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ቦዲቲና ሶዶ በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአንድ ወገን የከምባታ፣ በሌላ ወገን የወላይታ ጎረቤት በመሆኗ በገበያዋ ሐዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ይሰማል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛል። ሾኔም የራሷ ሆስፒታል አላት።

የአገሪቱ የጤና አደረጃጀት በደረጃ የተሠራ ነው። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስቦ ተዋቅረዋል። ከዚያ በላይ ለ1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ ደግሞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የንግግር ሕክምና በዚህ መሰላል ላይ የተቀመጠው ከላይኛው እርከን ሲሆን፣ እዚያም ቢሆን በዋናነት በአዲስ አበባና በጅማ ዙሪያ ነው። ሾኔ ያለ ቤተሰብ በደረጃ ደረጃ እየወጣ ሊደርስበት የሚችል አገልግሎት አይደለም፤ መካከለኞቹ እርከኖች ባዶ ናቸው።

መንገዱ ከቤት ይጀምራል። ልጅ በሁለት ዓመቱ ቃል ሳያወጣ ሲቀር እናት መጀመሪያ የምትሰማው «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» የሚል ማጽናኛ ነው። ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ጸሎት ይደረጋል፤ አንዳንዱ ቤተሰብም እንጥል አስቆራጭ ይፈልጋል። እንጥል ማስቆረጥ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቆየ ጎጂ ልማድ ነው፤ የደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ያስከትላል፤ ንግግርን ግን በምንም መንገድ አያፋጥንም። ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው፣ ትምህርት ቤት መግቢያው ሲቃረብ፣ ቤተሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሶዶ ወይም ወደ ሐዋሳ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጽፋል። ለቋንቋ ትምህርት ከሁሉ የተሻሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለፉት በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

አዲስ አበባ መድረስ ደግሞ መጀመሪያው ብቻ ነው። የተሰነጠቀ ላንቃ ቀዶ ሕክምና የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ልጁ ያለ አፍንጫ ድምፅ «ፐ»ን፣ «በ»ን፣ «ተ»ን ማውጣት እስኪለምድ ግን ወራት ይፈጃል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢቀር በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መገናኘት ያስፈልጋል። ከሾኔ ለሚመጣ ሰው እያንዳንዱ ቀጠሮ የሁለት ሰው የመኪና ዋጋ፣ የአልጋ ኪራይ ወይም የዘመድ ቤት ማስቸገር፣ የጠፋ የሥራ ቀን፣ ቤት የቀሩ ሌሎች ልጆችን ለጎረቤት አደራ መስጠት ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ሄዶ፣ ወረቀት ይዞ፣ ይመለሳል። በመዝገብ ላይ «ክትትል ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። ያቋረጠው ግን ቤተሰቡ ሳይሆን ርቀቱ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረውና ኋላ በአገሪቱ የተስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይህን ሸክም በከፊል ያቃልላል። አባል የሆነ ቤተሰብ የሪፈር ሥርዓቱን ተከትሎ ውል ባለው ተቋም ሲታከም የሕክምናውን ዋጋ መድኑ ይሸፍናል። የመንገድና የማደሪያ ወጪ ግን የቤተሰቡ ነው። ውል ባለው ተቋም ያልተጀመረን አገልግሎት ደግሞ መድን ሊከፍልበት አይችልም።

ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አጎት ወይም ወንድም ከጆሃንስበርግ በሚልከው ገንዘብ ልጅን አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ በግል ክሊኒክ ማሳከም የቻለ ቤተሰብ አይጠፋም። ይህ ለዚያ ልጅ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለጎረቤቱ ልጅ ግን መፍትሔ አይሆንም። የመንግሥት አገልግሎት አስፈላጊነት የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ልጅ የመናገር ዕድሉ ከሌላው ማነስ የለበትም።

ሙያው በኢትዮጵያ እንዴት መጣ

ሙያው ወደ አገሪቱ የገባው በአንድ በር አይደለም። አንደኛው በር የላንቃና የከንፈር መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ በጅማም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ቀዶ ሐኪሞች ክፍተቱን ከዘጉ በኋላ ልጆቹ አሁንም በአፍንጫቸው ሲናገሩ አዩ። በተለይ ዘግይተው፣ በስምንት በዐሥር ዓመታቸው የተሠሩት፣ የተሳሳተውን አነጋገር ለምደውታልና ቀዶ ሕክምናው ብቻውን አላቃናውም። የንግግር ባለሙያ አስፈላጊነት በሆስፒታል ውስጥ ጎልቶ የታየው በዚህ ነበር። በቋንቋ ጥናት በኩል ደግሞ አበባየሁ መሰለ በእንግሊዝ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን በአማርኛ ተናጋሪ፣ ላንቃቸው በተሠራላቸው ልጆች ንግግር ላይ ሠርተው ለአማርኛ የሚሆን የምርመራ መሠረት ጥለዋል።

ሁለተኛው በር ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። ከፊደል ገበታ ተነሥተው ለማይናገሩ ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የድምፅ ማስተማሪያ ዘዴም ቀይሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል፤ ሥራቸው ግን አንድ ነገር አስመስክሯል፦ ዘዴ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። ከዚያ በኋላ ነህምያን የመሰሉ ሌሎች ማዕከላትም በወላጆች ትግል ተቋቁመዋል። ይሁንና ሁሉም በአዲስ አበባ፣ ሁሉም ከረጅም የተጠባባቂ ዝርዝር ጋር ነው የኖሩት።

ሦስተኛው በር ለሾኔ ከሁሉ የሚቀርበው ነው፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1970ዎቹ በሆሳዕና ያቋቋመችው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከአገሪቱ ነባር ተቋማት አንዱ ነው። ስለዚህ «መናገር የተሳነው ልጅ ይማራል» የሚለው ሐሳብ ለሐዲያና ለከምባታ ባዕድ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ያውቃል። ይህ ታሪክ አንድ ጥንቃቄም ያስተምራል። ፈጽሞ ለማይሰማ ልጅ የመጀመሪያው ፍላጎት ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውም የምልክት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እንደተደረገው የልጁን እጅ አስሮ አፉን ብቻ ማሠልጠን ልጁን ያለ ቋንቋ ያስቀረዋል። የንግግር ሕክምና ወደ ሾኔ ሲመጣ የምልክት ቋንቋ ተፎካካሪ ሆኖ መምጣት የለበትም።

የባለሙያ ሥልጠናን በተመለከተ የምሥራቅ አፍሪካ ልምድ አለ። የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በንግግርና ቋንቋ ሕክምና የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። በኢትዮጵያም ጅማና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በሙያው ሥልጠና ከፍተዋል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር የተመራቂዎቹ ቁጥር እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ከምንም ተነሥቶ እዚህ መድረስ ቀላል አልነበረም። አሁን ዋናው ጥያቄ የሚመረቁት የት ይቀጠራሉ የሚለው ነው። በመንግሥት ሆስፒታል የሥራ መደብ በመዋቅር ካልተፈቀደና በጀት ካልተያዘለት ምሩቁ ወደ አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ይሄዳል፣ ወይም ሙያውን ይቀይራል። አንድ ባለሙያ አራት ዓመት ተምሮ በመደብ እጦት መባከኑ ከባለሙያ እጥረት የከፋ ጉዳት ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

የደም ግፊት መለኪያ በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል፤ የንግግር ምርመራ ግን አይሠራም። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የምርመራ ዝርዝር «ጠ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ቀ»ን አያውቅም፤ የድምፅ መጥበቅና መላላት የቃልን ትርጉም እንደሚለውጥም አይመዝንም። ሐዲይኛና ከምባትኛ ደግሞ ከአማርኛ የተለየ ሰዋስውና የራሳቸው የድምፅ ሥርዓት ያላቸው የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ወላይትኛ የኦሞ ቤተሰብ ነው። በአማርኛ ሥዕል እያሳዩ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት ዝም ያለ የሾኔ ልጅ ቃሉን በሐዲይኛ ያውቀው ይሆናል። ዝምታው ሕመም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ «አማርኛ ስለማይችል ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በአካባቢው በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ፤ ልጁ የዘገየው ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው የሚል። ብዙ ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። ችግር ያለበት ልጅ በሁሉም ቋንቋዎቹ ይዘገያል፤ ችግር የሌለበት ልጅ ቢያንስ በአንዱ፣ ብዙውን ጊዜ በእናቱ ቋንቋ፣ እንደ እኩዮቹ ይናገራል። ስለዚህ ለወላጅ «በአማርኛ ብቻ አናግሩት» ብሎ መምከር ጎጂ ነው፤ አያቱ የምታውቀው ሐዲይኛ ብቻ ከሆነ ልጁ ከቀኑ አብዛኛውን ያለ ንግግር እንዲያሳልፍ ይፈርድበታል። ስትሮክ በያዘው አዛውንትም ላይ ጉዳዩ ያው ነው፤ ከሁለቱ ቋንቋዎቹ የትኛው እንደቀረለት ሳይፈተሽ «አይረዳም» ማለት አይቻልም።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ ለሥልጠና ከሚላኩት መካከል የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚናገሩ ወጣቶች ሊኖሩ ይገባል። ተመልሰው የሚያገለግሉትም እነሱ ናቸው። ቀጥሎም የምርመራ ቃላትና ሥዕሎች በየቋንቋው መዘጋጀት አለባቸው፤ በሐዲይኛና በከምባትኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስለሚሰጥ መምህራኑ፣ መጻሕፍቱና በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ ጽሕፈቱ አሉ። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በሆሳዕና መምህራን ማሠልጠኛ ያሉ የቋንቋ ሰዎች ከአንድ የንግግር ባለሙያ ጋር ቢቀመጡ በወራት የሚያልቅ ሥራ ነው። እስከዚያው የሐዲይኛ ተናጋሪ ነርስ በአስተርጓሚነት ሳይሆን በረዳት መርማሪነት መሠልጠን አለባት፤ አስተርጓሚ የልጁን የተሳሳተ ድምፅ አቃንቶ ይተረጉመዋልና።

ከሾኔ የሚጀመር ሥራ

ባለሙያ እስኪመጣ ሁሉም ነገር መቆም የለበትም። ከተወለዱ ልጆች ጋር በቀጠሮ የሚገናኝ አንድ ሥርዓት በየቀበሌው አለ፤ ክትባት። በኢትዮጵያ ሕፃን በ9 ወሩ የመጀመሪያውን፣ በ15 ወሩ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ይወስዳል። ሁለቱም ጊዜያት ስለ መስማትና ስለ ንግግር ለመጠየቅ እጅግ የተመቹ ናቸው። በ9 ወሩ «ስሙ ሲጠራ ይዞራል? ባ-ባ፣ ማ-ማ ይላል?»፤ በ15 ወሩ «የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ‹ና› ሲባል ይገባዋል? አንድ ቃል አለው?»። ጥያቄዎቹ የሁለት ደቂቃ ናቸው፤ ወረቀቱም ከክትባት ካርዱ ጋር ሊያያዝ ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቤት ለቤት ልምድ ያላቸው ሴቶችን በየቀበሌው አስቀምጧል። ስለ ልጆች የእድገት መዛባት ለእነዚሁ ሠራተኞች በኢትዮጵያ የተዘጋጀ ሥልጠናም አለ፤ ሥልጠናው ግንዛቤያቸውን እንደሚያሻሽልና ለእነዚህ ልጆች ያላቸውን አመለካከት እንደሚያለሰልስ በጥናት ታይቷል። ችግሩን አይቶ ማወቅ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የሚላክበት ቦታ ከሌለ ሠራተኛዋ በሚቀጥለው ጊዜ መጠየቁን ትተወዋለች።

የጆሮ ምርመራ ከሁሉ መቅደም አለበት። በሕፃንነት ከጆሮ የሚፈሰው መግል «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ሲታለፍ፣ ማጅራት ገትር ሲይዝ፣ ጨቅላ ሲወለድ በጽኑ ቢጫነት ሲታመም መስማት ሊቀንስ ይችላል። መስማቱ ሳይፈተሽ ለወራት የንግግር ልምምድ የተሰጠው ልጅ ጊዜውን አጥቷል። መግል የሚፈሰውን ጆሮ ማከም ጤና ጣቢያ ሊሠራው የሚችል ነው። የመስማት መለኪያ መሣሪያ ግን ቢያንስ በሾኔ ሆስፒታል ደረጃ ሊኖር ይገባል።

ትምህርት ቤት ሁለተኛው መገናኛ ነው። የዜሮ ክፍል መምህርት ሠላሳና አርባ ልጅ ጎን ለጎን ስለምታይ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ከሐኪም ቀድማ ታውቃለች። የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ በየወረዳው የድጋፍ መስጫ ማዕከላት እንዲኖሩ ይላል፤ የንግግር ባለሙያ በየወሩ እየመጣ በእነዚህ ማዕከላት ቢሠራ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ስለሚንተባተብ ተማሪ መምህሩ ማወቅ ያለበት ብዙ አይደለም። ቃሉን ከአፉ ቀምቶ አለመጨረስ፣ «ቀስ በል፣ ተረጋጋ» እያሉ በክፍሉ ፊት አለመገሠጽ፣ የሚስቁበትን ማስቆም፣ ለንባብ ሲነሣ ጊዜ መስጠት። ይህ ሕክምናውን አይተካም፤ ልጁን ግን በትምህርት ቤት ያቆየዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠና በኢትዮጵያ ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የሚመሩት ሰዎች የግድ ስፔሻሊስቶች መሆን አያስፈልጋቸውም። ወላጅ ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን ሆኖ መጫወትን፣ ልጁ የሚያየውን ነገር እየተከተሉ መሰየምን፣ ቡና ሲፈላና ልብስ ሲታጠብ ያለውን የዘወትር ጊዜ ለንግግር መጠቀምን ይማራል። በሾኔ ዙሪያ ለዚህ የሚሆን ቦታ ሞልቷል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የእድርና የቁጠባ ማኅበር ስብሰባ። እናቶች አንድ ዓይነት ጭንቀት ያለባትን ሌላ እናት ማግኘታቸው ራሱ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ብዙዎቹ ልጃቸውን ከሰው ዓይን ሸሽገው ዓመታት ያሳለፉ ናቸውና።

አዋቂዎች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ስትሮክ ይዞት ሾኔ ሆስፒታል ለተኛ ሰው የመጀመሪያው አደጋ ከንግግር ይልቅ መዋጥ ነው። ምግብ ወይም ውኃ ወደ ሳንባ ገብቶ የሚያስነሣው የሳንባ ምች ታካሚውን ሊገድል ይችላል። ነርስ ታካሚውን ቀና አድርጋ አስቀምጣ፣ በጥቂት ውኃ ፈትሻ፣ ሲያስለው ወይም ድምፁ ሲረጥብ ማስተዋልን በአጭር ሥልጠና ትለምዳለች። ወፍራም ፈሳሽ ከቀጭን ውኃ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ለአንዳንድ ታካሚ ይቀላል። በእንሰት አገር ለዚህ የሚሆን ምግብ ቤት ውስጥ አለ፤ ለስልሶ የተሠራ የቡላ ገንፎ ውፍረቱ እንደ ታካሚው አቅም ሊስተካከል ይችላል፤ ደረቅ ቆጮ ግን በዚያ ሰሞን አደገኛ ነው። አስታማሚዋ ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅባትም።

እነዚህ ሁሉ የሚያርፉት ግን በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ በሆሳዕና ሆስፒታል የሚቀመጥ ቋሚ የንግግር ሕክምና ክፍል። ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የመስማት መለኪያ። ባለሙያዎቹ በወር አንድ የታወቀ ቀን ሾኔ፣ ሌላ ቀን በከምባታ ወዳለችው ዱራሜ ቢወጡ ቀጠሮው በቤተሰቡ አቅም ልክ ይሆናል። ቀኑ የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ መኪና በብዛት የሚገኘውና የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በሁለት ጉብኝቶች መካከል ክትትሉ በስልክ ሊቀጥል ይችላል። በየቤቱ ከደቡብ አፍሪካ ዘመድ ጋር በቪዲዮ መነጋገር የተለመደ በመሆኑ እናት የልጇን ልምምድ ቀርጻ መላክ አያስቸግራትም። የመጀመሪያው ምርመራ ግን በአካል መሆን አለበት፤ ላንቃን በስልክ መመርመር አይቻልም፤ መረብም በሚቋረጥበት ቀበሌ በስልክ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት መረብ ያላቸውን ብቻ የሚጠቅም ይሆናል።

አሠራሩ መሥራት አለመሥራቱ የሚለካው በተከፈተ ክፍል ብዛት አይደለም። የሚያስፈልገው ልጁ በስንት ዓመቱ ተገኘ፣ ከሪፈር እስከ መጀመሪያ ምርመራ ስንት ሳምንት ጠበቀ፣ ከተያዙት ቀጠሮዎች ስንቱን መጣ፣ ከየትኛው ቀበሌ ነው የሚሉትን በመዝገብ መያዝ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡት ጥቂት ከሆኑ አገልግሎቱ ከተማ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የሕግ መሠረቱ የቆመ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ዜጎች ተሐድሶና እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል። አገሪቱ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 25 የጤና አገልግሎት ገጠርን ጨምሮ በተቻለ መጠን ለማኅበረሰቡ ቅርብ እንዲሆን፣ አንቀጽ 26 ደግሞ ተሐድሶ በመጀመሪያው ዕድሜ እንዲጀመር ይጠይቃል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ለልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለሁለት የንግግር ባለሙያ ደመወዝና በወር ለሁለት ቀን የመስክ አበል ግን ምክንያት አይሆንም።

ውሳኔው በከፊል በክልሉ እጅ ነው። የጤና ቢሮው መደቡን ሊጠይቅ፣ የፐብሊክ ሰርቪስ ቢሮው በመዋቅር ሊያጸድቅ፣ የፋይናንስ ቢሮው በጀቱን ሊይዝ ይገባል። ጥያቄው ከታች ካልመጣ ግን አይንቀሳቀስም። የሾኔ ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ሠራተኞች በየቀበሌያቸው ያሉትን ልጆች መዝግበው ስንት እንደሆኑ ለወረዳውና ለዞኑ ጤና መምሪያ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ከሚቀጥለው የበጀት ዝግጅት በፊት።